የአዳማ ሽንኩርት፣ የቢሾፍቱ ክሬም

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከገልማ አባ ገዳ አዳራሽ እስከ ትልልቆቹ ሆቴሎች ሥልጠናና ግምገማ የሌለበት ሳምንት ጥቂት ነው። የክፍያ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ለምሳ ብቻ ብሎ የሚመጣ ቤተሰብ በዝቷል። ለዚህ ሁሉ እንግዳ የሚዘረጋው የምግብ ዝርዝር ከጥብሱና ከክትፎው ቀጥሎ ክሬም ሳይጠቅስ አያልፍም። ፓስታ በክሬም፣ ዶሮ በክሬም፣ አሳ በክሬም፤ ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ የገባበት፣ የሚያቃጥል፣ ነጣ ያለ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ሶስ። ተመጋቢው ይወደዋል፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ይነሳል፣ ቤቱ ሲገባ ግን አይሠራውም። ለምን ቢሉት "እሱ የሆቴል ነው፣ ቤት አይሆንም" ይላል። ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አልቀበለውም።

*

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማዋን ለቅቀው ብዙም ሳይርቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። "አዳማ ቀይ" የተባለው የሽንኩርት ዝርያ፣ "መልካ አዋዜ"፣ "መልካ ዛላ"ና "መልካ ሾቴ" የተባሉት የበርበሬ ዝርያዎች፣ "መልካ ሳልሳ"ና "መልካ ሾላ" የተባሉት ቲማቲሞች ከዚያ የወጡ ናቸው። መቂና ባቱ ዙሪያ በአካባቢው ካለው ሐይቅ በሚሳብ ውሃ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይመረታል። የደረቀው በርበሬ ከማረቆና ከሃላባ ይመጣል። ወተትና ክሬም የሚያቀነባብሩ ድርጅቶች ቢሾፍቱ ላይ አሉ። ቅቤው ከአርሲ ደጋ ይወርዳል። የሶሱ ዕቃ በሙሉ በዙሪያችን ነው።

ከውጭ የሚመጣው የካርቶን ክሬም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ሸቀጥ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። እሱን ጠብቆ የሚሠራ ወጥ ቤት፣ የሆቴልም ይሁን የመኖሪያ ቤት፣ ያለ ምክንያት ራሱን አስሯል ባይ ነኝ።

*

የሆቴል ሶስ የሚለሰልሰው በቅመም ምሥጢር አይደለም። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከበሰሉ በኋላ፣ ክሬሙ ሳይገባ፣ በመፍጫ ይፈጫሉ፤ ጠንቃቃው አብሳይ ደግሞ በወንፊት ያጠልላቸዋል። ቤት ውስጥ የሚዘለለው ደረጃ ይኸው ነው።

*

ወጥ የምታቁላላ እናት የዚህን ሶስ ግማሽ ሥራ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። መነሻው ቁሌት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ሽንኩርቱ አይቀላም፤ በቀስታ እሳት ለስልሶ፣ ጣፍጦ፣ ቀለሙን ሳይለውጥ ይቀራል። ከዚያ በርበሬው ወይም ቃሪያው ስብ ውስጥ ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ነገር በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል። ዘይቱ ወይም ቅቤው ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከቆየ ቃጠሎው በሶሱ ሁሉ እኩል ይዳረሳል። በመጨረሻ ላይ ሚጥሚጣ የሚነሰንስ አብሳይ ግን አንዱን ጉርሻ እሳት፣ ሌላውን ምንም ያደርገዋል።

ሌላም ነገር አለ። በወተት ውስጥ ያለው ኬሲን የተባለ ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ይዞ ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ቃሪያ ያቃጠለው ልጅ ውሃ ሲሰጡት የማይሻለው፣ ወተት ሲሰጡት የሚረጋጋው ለዚህ ነው። ስለዚህ ክሬም የገባበት ሶስ ሲቀምሱት መጀመሪያ የዋህ ይመስላል፣ ቃጠሎው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ቁሌቱን ቀምሶ "በዛ" ያለ ሰው ክሬሙ ከገባ በኋላ ይቀምሰው፤ ልክ ሆኖ ያገኘዋል። በተቃራኒው ክሬሙ ከገባ በኋላ "አነሰ" ብሎ ወዲያው የሚጨምር ሰው ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ይጸጸታል።

*

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት። ሰው ይህን ሶስ ቤቱ የማይሠራው አንዴ ሞክሮ ስለፈረሰበት ነው። ወተቱን ቲማቲሙ ላይ ሲያፈስ አይብ አይብ ይላል፤ ውሃው ለብቻ፣ ፍርፋሪው ለብቻ ይሆናል።

ይህ ለምን እንደሚሆን አይብ የምታወጣ ሴት ከማንም በላይ ታውቃለች። ቅቤው ከወጣለት በኋላ የቀረውን አሬራ፣ የቦካውን፣ ለስላሳ እሳት ላይ ትጥደዋለች፤ ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ተባብረው ፕሮቲኑን ያሰባስቡታል፣ አጓቱ ይለያል፣ አይብ ይሆናል። አይብ የሚወጣበት መንገድና ሶስ የሚበላሽበት መንገድ አንድ ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፣ ድስቱ ሙቅ ነው፣ ወተቱ ደግሞ ስቡ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የተቀረው ፕሮቲንና ውሃ ያለ ከለላ ይቀራል። ስቡ 30 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ግን ቢፈላም በቀላሉ አይፈርስም፤ ስቡ ፕሮቲኑን ከቦ ይይዘዋል፣ ፕሮቲኑም ራሱ በመጠን ያነሰ ነው።

መፍትሔው እንግዲህ ግልጽ ነው። ኮምጣጣውን ቀንስ፤ ቲማቲም አታብዛ፣ ውሃው ተኖ ዘይቱ ከዳር እስኪወጣ ይብሰል፣ ጣዕሙ እንዲለዝብ ከወንጂ ስኳር ቆንጠር ተደርጎ ይግባበት። ሙቀቱን ቀንስ፤ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ትንሽ ይረፍ። ስቡን ጨምር፤ ወተት ሳይሆን ክሬም ወይም ሰልባቦት ይሁን። በአንድ ሆቴል ጓሮ ያገኘኋትን አብሳይ "እህቴ፣ ክሬሙን መቼ ነው የምትጨምሪው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ነዋ፣ ጋሼ" አለችኝ። "መጀመሪያ ከትኩሱ ሁለት ጭልፋ ክሬሙ ውስጥ እጨምርና አለማምደዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉንም እመልሰዋለሁ።" ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላገኘሁም።

እርጎ ብቻ ያለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ለአንድ ብርጭቆ እርጎ አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ እሳት ሳያየው በፊት፣ እብጠት እስኪጠፋ ይመታ። ስታርቹ ፕሮቲኑ እንዳይሰባሰብ ያግደዋል። ከዚያ በለዘብተኛ እሳት፣ በአንድ አቅጣጫ እያማሰሉ ማሞቅ ነው። መፍላት የለበትም።

*

መቂ ላይ ቲማቲም የሚረክስበት ጊዜ አለ። ሁሉም ማሳ አብሮ ሲደርስ የሳጥኑ ዋጋ የለቀማውንና የጭነቱን ወጪ እንኳ አይመልስም፤ በመንገድ ዳር ቀይ ክምር ሲበሰብስ ይታያል። ከ100 ግራም ቲማቲም 94 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ በድስት ተኖ ቢሄድ የቀረው ነገር በትንሽ ዕቃ ተይዞ በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ወራት ይቆያል። ለብዙ ዓመታት በየቤቱ የታወቀው የመርቲ የቆርቆሮ ሳልሳ ከላይኛው አዋሽ የወጣው ይህንኑ ሥራ በፋብሪካ በመሥራት ነው። እያንዳንዱ የአዳማ ቤት በርካሹ ወቅት ሁለት ሳጥን ገዝቶ ቢያተን ለኪሱ ጥሩ ነው፤ ለመቂ ገበሬ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

*

በአንዳንድ ቤት "ክሬም" ተብሎ የሚመጣው ክሬም አይደለም፤ በሻሜል ነው። 30 ግራም ቅቤ፣ 30 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር ወተት። በሻሜል የተከበረ ሶስ ነው፣ ላዛኛም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ነውሩ በሌላ ስም መሸጡ ላይ ነው። ለማወቅ የሚፈልግ ሳህኑን ትንሽ ያቀዝቅዘው። የዱቄቱ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ በሹካ ተቆርሶ ይነሳል። የክሬሙ ይወፍራል እንጂ አይቆረስም፤ ጥቂት ሙቀት ሲያገኝ መልሶ ይፈታል።

*

ንጥር ቅቤ ለወጥ ንጉሥ ነው፤ ለዚህ ሶስ ግን አይሆንም። ሲነጠር ውሃውም የወተት ፕሮቲኑም ወጥቶለታል፤ የቀረው ንጹሕ ስብ ከሶሱ ጋር ሳይዋሐድ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ለጋ ቅቤ ግን ውሃውንና ፕሮቲኑን እንደያዘ ነው፤ ቀዝቃዛውን ቁራጭ ከእሳት በወረደ ድስት ውስጥ ጥለው ቢያማስሉት ሶሱ ያበራል፣ ወፈር ይላል። ኮሰረቱና ኮረሪማው የናፈቀው ሰው ኮረሪማውን ፈጭቶ በመጨረሻ ቆንጠር ያድርግበት።

*

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፓስታው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩበት። ፓስታው የተቀቀለበትንም ውሃ አትድፉት። ስታርቹ ስለቀለጠበት ግማሽ ጭልፋው ሶሱን ከፓስታው ጋር ያጣብቀዋል።

*

የአዳማ ሙቀት ለወተት ጠላት ነው። ጠዋት የታለበ ወተት ከቀትር በኋላ መቆምጠጥ ይጀምራል፤ የጀመረው ደግሞ ገና በአፍንጫ ሳይታወቅ ድስት ውስጥ ያጋልጣል። ስለዚህ ለሶስ የሚሆን ወተት በጠዋት ተገዝቶ ወዲያው ማቀዝቀዣ ይግባ። ጥሬው ወተት ሌሊቱን ሳይነካ ካደረ ስቡ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን በማንኪያ ገፎ ማንሳት ነው። ሒሳቡም ያዋጣል፦ 4 በመቶ ስብ ባለው 3 ሊትር ወተት ውስጥ 120 ግራም ስብ አለ፤ በ200 ሚሊ ሊትር የፋብሪካ ክሬም ውስጥ ያለው 70 ግራም ገደማ ነው። የአገር ላም ወተት ስቡ ከፈረንጅ ላም ወተት ከፍ ስለሚል ከገበሬ የሚገዛ ሰው የተሻለ ያገኛል። ከታች የቀረው ወተት ፈልቶ ለሻይና ለእርጎ ይሆናል።

ይህን ግን በጥብቅ እላለሁ፦ የተገፈፈው ጥሬ ክሬም ሳይፈላ ምግብ ውስጥ አይግባ። የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴሎሲስ በሽታ ባልፈላ ወተት ይተላለፋሉ። ክሬሙ ለብቻው በትንሽ ድስት ይፍላ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይዋል። ልጅ ያለበት ቤት በዚህ አይደራደር።

*

"ክሬምና በርበሬ የፈረንጅ ምግብ ነው" የሚል ሰው የገንፎን ገበታ ያስታውስ። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ በርበሬ የተበጠበጠበት ቅቤ ይፈስበታል፤ ዙሪያውን እርጎ። የሚያቃጥለው ቅቤና የሚያበርደው እርጎ በአንድ ጉርሻ የሚገናኙበት ጣዕም ሆቴሉ በፓስታ ላይ አድርጎ የሚሸጥልን ያው ጣዕም ነው። አራስ ጠያቂ ሁሉ ያውቀዋል።

በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ ያሉት ከረዩዎች ደግሞ ኢቲቱ አላቸው። ወተቱ በተጠነ ዕቃ ውስጥ እየረጋ አጓቱ ይወጣለታል፣ በላዩ ሌላ ወተት ይጨመርበታል፣ እየወፈረ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ወፍራም እርጎ እሳት ላይ መጣድ ኃጢአት ነው፤ አይብ ይሆናል። ለእሱ የሚስማማው ቆጭቆጫ ነው፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከጨው ጋር በድንጋይ ላይ ተወቅጠው፣ ሳይሞቅ ይቀላቀሉ። ኢቲቱ ያላገኘ የከተማ ሰው እርጎውን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአጓቱ ያጥልለው። እሳት ያልነካው፣ የሚያቃጥል፣ የሚያበርድ ሶስ ነው። ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ከየትኛውም ማዮኔዝ አስበልጠዋለሁ።

*

ባቱ ላይ ቆሮሶ አሳ የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ዳጣ ወይም አዋዜ ነው፤ ለሙሉ ጥብስ ትክክለኛው እሱ ነው። ክሬሙ የሚያምረው ለፊሌቶ ነው። ሆቴሎች ነጭ ወይን ያደርጉበታል፤ ባቱ ራሷ የወይን እርሻ አገር ስለሆነች ግማሽ ሲኒ ማግኘት አይከብድም። ወይኑ ቁሌቱ ላይ ፈስሶ ሽታው እስኪጠፋ ይትነን፤ ክሬሙ ከዚያ በኋላ። ወይን የማይገባበት ቤት ሎሚ ይጠቀም። ሎሚ ግን ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ነው የሚጨመቀው፤ ድስት ውስጥ ከገባ ያንኑ የአይብ ታሪክ ይደግማል።

*

የጾሙ ነገር ልብ ይነካል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ የኦርቶዶክስ አማኝ ከዓመቱ ከፍ ያለውን ክፍል ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ያሳልፋል። በእነዚህ ቀናት ሆቴሎቻችን ክሬሙን ከዝርዝሩ ይሰርዙና ፓስታ በአትክልት፣ ፓስታ በስጎ ብለው ይቀመጣሉ። በየቤቱ ጓዳ ግን ሱፍ አለ።

ሱፍ ታጥቦ ጥቂት ይቀቀላል፣ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ በወንፊትና በጨርቅ ይጠለላል። የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ መልኩም ውፍረቱም ወተት ነው። ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት እንጀራ ሲፈተፈትበት ሁላችንም እናውቀዋለን። የቅባት እህል ስለሆነ የቃሪያውን ቃጠሎ ይቀበለዋል። ታዲያ ይህ ለምን ከፍትፍት አልፎ አይሄድም? ሽንኩርቱ በዘይት ለስልሶ፣ ቃሪያው ገብቶ፣ ተፈጭቶ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ወፈር ተደርጎ የተጠለለ ሱፍ ቢፈስበት ለፓስታም ለተጠበሰ አትክልትም የሚሆን የጾም ክሬም ነው። መፍላት የለበትም፤ ሙቀት ሲበዛበት ይጓጉላል። ወፈር እንዲል የፈለገ የተቆላ ኦቾሎኒ አልሞ ፈጭቶ አንድ ማንኪያ ይጨምር።

ስልጆንም ላንሳ። የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ አብረው በስለው፣ በስናፍጭ ተቃጥለው፣ ቦክተው የሚበሉት ስልጆ የጾም ቅመም ክሬም ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? አያቶቻችን ወተት በተከለከለበት ቀን ወተት የሌለበትን ልስላሴ ፈጥረዋል። አንድ የአዳማ ሆቴል ይህን በወጉ ሠርቶ በጾም ዝርዝሩ ላይ ቢያወጣው ከተማው ሁሉ ይሄድለታል ብዬ አምናለሁ።

*

ለ4 ሰው የሚበቃው እንዲህ ነው። 2 መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ 15 ደቂቃ ያህል ይለስልስ። 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ተወቅጠው ይግቡ። ከዚያ ፍሬው የወጣለት 1 ቃሪያና 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፤ እንዳያር ውሃ ጠብ እየተደረገለት 3 ደቂቃ። 2 የበሰለ ቲማቲም ተልጦ ይጨመር፣ ዘይቱ ከዳር እስኪታይ ይብሰል። በመፍጫ ይፈጭ፣ ወደ ድስቱ ይመለስ፣ እሳቱ ይጥፋ። 200 ሚሊ ሊትር ክሬም በትኩሱ ከተለማመደ በኋላ ይግባ። በጣም ለስላሳ እሳት ላይ 2 ደቂቃ ብቻ። ጨው በመጨረሻ፤ ሶሱ ሲያንስ ጨው ስለሚጎላ ቀድሞ የጨመረ ይበዛበታል። ቁንዶ በርበሬ፣ ቆንጠር ኮረሪማ፣ አንድ ቁራጭ ለጋ ቅቤ። ወዲያው ይበላ። የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለነገ ይቆያል፤ ሲሞቅ በጥቂት ውሃና በትንሽ እሳት ነው።

*

ለአዳማ፣ ለቢሾፍቱ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ሆቴል ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። በምግብ ዝርዝራችሁ ላይ ሶሱ ምን እንደያዘ በአንድ መስመር ጻፉ። ጾመኛው ወተት እንዳለበት፣ ስንዴ የማይስማማው ዱቄት እንዳለበት፣ ወይን የማይነካው ወይን እንዳለበት አስተናጋጁን ሳያስጨንቅ ይወቅ። አብሳዮቻችሁ የሚያኮራ ሥራ ይሠራሉ፤ ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማ። በሻሜል ከሆነ በሻሜል፣ ክሬም ከሆነ ክሬም፣ ሱፍ ከሆነ ሱፍ ብላችሁ ጻፉት።